ስምንት ካሜራ ወይስ አራት?

«ሰሚት አካባቢ 250 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለን። ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ አንዱን አከራይተነዋል። ማታ አንድ ዘበኛ ያድራል። ባለፈው ወር ጎረቤታችን ቤት በኩሽና በር ገብተው ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ስለወሰዱ እኛም ካሜራ ለማስገጠም ወሰንን። ሦስት ድርጅቶች ግቢውን አይተው ፕሮፎርማ ሰጡን። አንደኛው ስምንት ካሜራ ከዲቪአር (ምስሉን ከሚቀርጸው ሳጥን) ጋር፣ ሁለተኛው አራት የአይፒ ካሜራ፣ ሦስተኛው ስድስት የዋይፋይ ካሜራና በአጥሩ ዙሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦ። የገረመኝ የስምንቱ ዋጋ ከአራቱ ማነሱ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ምንም አትግዙ፣ ከዚህ እልካለሁ› ይላል። ሰፈራችን መብራት በየጊዜው ይጠፋል። የትኛውን እንምረጥ? ሦስቱንም ፕሮፎርማ አያይዣለሁ።»

ውድ ጠያቂያችን፣

ሁለተኛውን ይያዙ። እንዳለ ግን አይፈርሙበት፤ ከዚህ በታች የምንነግርዎትን አስተካክለው እንዲያመጡልዎ ያድርጉ።

የስምንቱ ካሜራ ዋጋ ለምን እንዳነሰ ፕሮፎርማውን ረድፍ በረድፍ ሲያነቡት እዚያው ይታያል። ካሜራዎቹ ባለ 2 ሜጋፒክስል አናሎግ ናቸው፣ ቀረጻው የሚቀመጥበት ዲስክ 1 ቴራባይት ነው። ኬብሉ «ኬብልና የገጠማ ሥራ» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል፤ ዓይነቱም ሜትሩም የለም። ከሁሉ የባሰው «አዳፕተር 12 ቮልት፣ ብዛት 8» የሚለው መስመር ነው። እያንዳንዱ ካሜራ አጠገቡ ካለ ሶኬት ላይ ሊሰካ ነው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ዲቪአሩ በዩፒኤስ (ባትሪ ባለው የመጠባበቂያ ሳጥን) ቢሠራ እንኳ ካሜራዎቹ ስምንቱም ይሞታሉ፤ ዲቪአሩ «ምስል የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያሳይ ያድራል። አናሎግ መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም። ከአንድ ማዕከላዊ ኃይል ሰጪ ሳጥን ቢመግቡት ለብዙ ግቢ ይበቃል፤ ይህ ግን እንዲያ አልታሰበም።

በአይፒ ካሜራ ኃይሉም ምስሉም በአንድ የኔትወርክ ኬብል ነው የሚሄደው፤ ባለሙያዎቹ ፒኦኢ ይሉታል። ኬብሎቹ ሁሉ ኤንቪአሩ (የአይፒ ካሜራ መቅረጫ ሳጥን) ላይ ስለሚገናኙ ኤንቪአሩን በባትሪ ካቆዩት ካሜራዎቹም አብረው ይቆያሉ። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ አንድ ነገር ብቻውን ሁለተኛውን ፕሮፎርማ ያስመርጣል።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ ቦታ። በሁለተኛው ፕሮፎርማ የግቢ ሥዕል ላይ አራቱም ከላይኛው ፎቅ ጠርዝ፣ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ አላቸው። ይህ ግቢውን በሰፊው ያሳያል፣ ሰውን ግን አያሳይም። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የማያውቁትን ሰው ፊት ከቀረጻ ላይ ለመለየት ምስሉ በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ያህል ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ሊኖረው ይገባል፤ የሚያውቁትን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ይበቃል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም 2,560 ፒክስል አለው። 2.8 ሌንስ ወደ 100 ዲግሪ ስለሚያይ 250ው የሚገኘው እስከ 4 ሜትር ግድም ብቻ ነው፤ 125ቱ እስከ 8 ሜትር ተኩል። የእርስዎ የግቢ በር ከቤቱ ጠርዝ 9 ሜትር መሆኑ ሥዕሉ ላይ ተጽፏል። በዚያ ላይ ካሜራው ከ5 ሜትር ወደ ታች ሲያይ የሚያገኘው ኮፍያና ትከሻ ነው።

ስለዚህ የግቢው በር ካሜራ ወይ በበሩ ምሰሶ ወይም በዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይቀመጥ፤ ወይም ቤቱ ላይ ከቀረ ከፍታው ይቀነስና ሌንሱ በ6 ሚሊ ሜትር ይቀየር፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ጠበብ አድርጎ፣ አቅርቦ ያሳያል። ሁለተኛው ካሜራ በረንዳውንና ዋናውን በር ይይ። ሦስተኛው በቤቱና በጎረቤት አጥር መካከል ያለውን ጠባብ መተላለፊያ፤ እዚያ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራ ጎኑን ዞሮ፣ ምስሉ ቁመቱ ረጅም እንዲሆን ይገጠም። አለዚያ የምስሉ ግማሽ ግድግዳ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት (በጨለማ ለማየት የሚያበራው፣ ለዓይን የማይታየው) ከግድግዳው እየተመለሰ መሐሉን ያጨልመዋል። አራተኛው ከኋላ፣ በሰርቪሱና በኩሽናው መካከል። የጎረቤትዎ ቤት የተገባው በኩሽና በር ስለሆነ፣ የሰርቪሱ ቆርቆሮም ለአጥር ዘላይ መረማመጃ ስለሚሆን ከአራቱ አንድ ብቻ ግዙ ብንባል ይህኛውን ነበር የምናስቀድመው። ሰው ሲያይ ነጭ መብራት የሚያበራ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ የበራበት ሰው መታየቱን ያውቃል። ካሜራው ግን በተከራይዎ በርና መስኮት ላይ እንዳያርፍ፤ በኤንቪአሩ ላይ ያንን የምስሉን ክፍል በጥቁር መሸፈን ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለተከራዩም አስቀድመው ይንገሩት። የጎረቤት ግቢም እንዲሁ ይሸፈን።

ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ካሜራ ካለ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል ወይም ከጣሪያው ክዳን ሥር ማስጠጋት ያቃልለዋል።

ኬብል ላይ ይቆዩ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ፕሮፎርማው «ካት 6፣ 150 ሜትር» ይላል፣ ካት 6 የኔትወርክ ኬብሉ ዓይነት ነው፤ «ንጹሕ መዳብ» የሚል ቃል ይጨመርበት። ገበያው ላይ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣል፣ ከውጭ ሲያዩት አይለይም። አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየሙ መቋቋም ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ችግሩ የሚታየው ደግሞ ማታ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ደህና ሲሠራ የዋለ ካሜራ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ኢንፍራሬዱ ሲበራ፣ የሚወስደው ኃይል ይጨምርና ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን «ካሜራው ነው» ብለው ሊቀይሩልዎ ይመጣሉ። ኬብሉንና ማያያዣውን አስቀድመው እንዲመረምሩ ይጠይቋቸው።

ኬብሉ በቱቦ ይሂድ፤ ከ220 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። ደጅ ያለው ማያያዣ ከካሜራው ጀርባ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ ውኃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ኬብሉም ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ይውጣ፣ የዝናቡ ውኃ በኬብሉ እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ይህን ያልጠበቀ ሥራ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያጋልጠዋል፤ የማያያዣው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል።

ስለ ዲስክ። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በኤች 265 (ቪዲዮውን አሳንሶ በሚያስቀምጥ) አቀራረጽ፣ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ቢይዝ፣ በቀን 43 ጊጋባይት ይወስዳል፤ አራቱ 173። ፕሮፎርማው ላይ ያለው 2 ቴራ እንግዲህ 11 ቀን ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ሄደው ሁለት ሳምንት ቆይተው ቢመለሱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተሰርዘው ያገኙታል። 4 ቴራ ያድርጉት፣ 23 ቀን ይይዛል። ዲስኩ ለካሜራ ቀረጻ የተሠራ ይሁን፤ ደብሊው ዲ ፐርፕልና ሲጌት ስካይሆክ የሚባሉት እንደዚህ ያሉ ናቸው። ያገለገለ ዲስክ ታጥቦ እንደ አዲስ እንዳይሰጥዎ ኤንቪአሩ ላይ ስማርት የሚለውን የዲስክ ምርመራ ገጽ ያስከፍቱና ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ያንብቡ። አዲስ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። 26,000 ካለ ሌላ ቦታ ሦስት ዓመት ሌት ተቀን ሠርቶ መጥቷል።

ኤንቪአሩን ሳሎን ቴሌቪዥን ሥር አያስቀምጡ፤ ቴሌቪዥኑን የሚወስድ ሰው እሱንም ይዞት ይሄዳል። ላይኛው ፎቅ ቁልፍ ያለው፣ አየር የሚያገኝ ቁም ሳጥን ይሻላል። አራት ወደብ ካለው ባለ ስምንቱን ይውሰዱ፤ ነገ አንድ ካሜራ ለመጨመር ሙሉውን ከመቀየር ያድናል።

አሁን መብራት። አራት ካሜራ ማታ ላይ ወደ 24 ዋት፣ ኤንቪአሩ ከዲስኩ ጋር 15፣ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን 12 ቢወስዱ፣ ባጠቃላይ 50 ዋት ገደማ ነው። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ነው፤ ይህን ጭነት አንድ ሰዓት ከያዘ ጎበዝ ነው። ማታ አራት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ንጋት ላይ ለሚመጣ መብራት አይረዳዎትም። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ለመያዝ 50 አምፒር ሊቲየም ወይም 100 አምፒር ጄል ባትሪ ከትንሽ ኢንቨርተርና ቻርጀር ጋር ያስፈልጋል። ጄሉ በአምፒር የሚበልጠው ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማራገፍ ስለማይመከር ነው። ቤትዎ ለመብራትና ለቴሌቪዥን የተገጠመ ኢንቨርተር ካለ አዲስ አይግዙ፤ ለኤንቪአሩና ለራውተሩ ለብቻው አንድ መስመር ያስወጡለት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚገባው ከፍተኛ ቮልቴጅ ብዙ ኤንቪአር ያቃጥላል፤ መከላከያ በፕሮፎርማው ላይ የለም፣ ያስጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር፦ ቀረጻው ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ቢቋረጥ በስልክዎ ማየት ነው የሚቀረው፤ ዲስኩ ላይ ሥራው ይቀጥላል።

በሦስቱም ፕሮፎርማ ላይ የሌለው ግን ዋናው ዕቃ ነው፦ የማንቂያ ደወል። ካሜራ የሆነውን ያሳይዎታል፤ ኩሽናውን ሲሰብሩ ማንንም አይቀሰቅስም። የስልክ መልእክት ቢልክም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክዎ ድምፅ አጥፍቶ ተኝቷል። ለእርስዎ ቤት የሚበቃው ይህ ነው፦ በዋናው በር፣ በኩሽና በርና በላይኛው በረንዳ በር ላይ አንድ አንድ የማግኔት ሴንሰር (በሩ ሲከፈት የሚያውቅ)፤ ሳሎንና ደረጃው ጋ ሁለት የእንቅስቃሴ ሴንሰር፤ መግቢያው ላይ ቁጥር መምቻ ሰሌዳ፤ አንድ የውስጥ ሳይረን፣ አንድ የራሱ ባትሪ ያለው የውጭ ሳይረን፤ ሁለት የድንገተኛ መጥሪያ ቁልፍ፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ዘበኛው እጅ። በገመድ ቢሆን ይመረጣል፤ ቤቱ ተጠናቆ ከተቀባ ገመድ አልባውም ያገለግላል፣ ባትሪዎቹን በጊዜ መቀየር ግን አይርሱ።

የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ ሆኖ ይገጠም፤ ወደ እሱ በቀጥታ የሚመጣን ሰው ዘግይቶ ነው የሚያየው። ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ፊት ለፊት አያይ። በሐሰት የሚጮህ ደወል በሁለተኛው ሳምንት ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያበራውም። ሌሊት ላይ ምድር ቤቱን ብቻ ማብራት የሚቻልበት አሠራር እንዲኖረው ይጠይቁ፤ አለዚያ ልጅ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ሰፈሩ ይነሣል።

ደወሉ በሲም ካርድ የሚደውል ከሆነ ሲሙን በስምዎ ያውጡት፣ ሒሳብ መኖሩን በየወሩ ያረጋግጡ። የሚደውልበትን ቅደም ተከተል ያስቡበት። ወንድምዎ የመጀመሪያው ቢሆን ዋሽንግተን ሆኖ ምን ያደርጋል? ቅድሚያ ግቢው አጠገብ ላለ ሰው ይሁን፦ እርስዎ፣ ቀጥሎ ቶሎ የሚደርስ ጎረቤት፣ ከዚያ ሌላ የቤተሰብ አባል። ለፖሊስ የሚደውለው ሰው ይሁን እንጂ ማሽኑ አይሁን፤ ቁጥሩ 991 ነው፣ የሰፈራችሁን ጣቢያ ቀጥታ ስልክም አብረው ይመዝግቡ። ዘበኛውን ካሜራ ተገጠመ ብለው አያሰናብቱት። ሳይረኑ ሲጮህ ግቢ ውስጥ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው።

የዋይፋዩን ነገር ባጭሩ፦ «ሽቦ አይፈልግም» የሚባለው ለምስሉ ነው፣ ኃይል ግን ይፈልጋል፤ እንደገና ወደ ሶኬቱ ችግር እንመለሳለን። የብሎኬት ግድግዳና የብረት በር ሲደረብበት ደግሞ ምልክቱ ይዳከማል። ለኮንዶሚኒየም በር አንድ እንዲህ ያለ ካሜራ በቂ ሊሆን ይችላል፣ ለእርስዎ ግቢ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ አጥሩን ለጊዜው ያቆዩት። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ግን ገንዘቡ የሚበቃው ለአንዱ ከሆነ ደወሉ ይቅደም። ሲያስገጥሙ ለአጥር የተሠራ ኢነርጃይዘር መሆኑን ያረጋግጡ። እሱ የሚሰጠው በሴኮንድ አንዴ ገደማ የሚመታ አጭር ምት ነው፤ ቮልቴጁ በሺዎች ይቆጠራል፣ ጉልበቱ ግን በዓለም አቀፉ የደኅንነት ደረጃ ከ5 ጁል እንዳይበልጥ የተገደበ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ያባርራል። ከቆጣሪ 220 ቮልት በቀጥታ ሽቦው ላይ እናገናኝልዎ የሚል «ባለሙያ» ከመጣ ከግቢ ያስወጡት። ያ ይገድላል፤ የሚገድለውም ሌባውን ብቻ አይደለም፣ ኳስ የወደቀበትን የጎረቤት ልጅም ነው። ትክክለኛው አጥር ከቤቱ የተለየ የራሱ መሬት ውስጥ የሚቀበር የብረት ዘንግ፣ ቢያንስ ሦስት፣ እና በየጥቂት ሜትሩ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይፈልጋል። የጋራ አጥር ከሆነ ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ። ቅርንጫፍ ከነካው በየዝናቡ ስለሚጮህ አጥሩን የሚነካ ዛፍም መከርከም አለበት።

ወንድምዎ የሚልከውን በተመለከተ፦ ገመድ አልባ የማንቂያ ዕቃ ከአሜሪካ አይላክ። የሬዲዮ ሞገዱ እዚህ ገበያ ላይ በብዛት ካለው የአውሮፓ 868 ሜጋኸርትዝ ዕቃ ጋር ስለማይናበብ አንድ ሴንሰር ቢበላሽ ምትክ አያገኙም፤ በወር ክፍያ የሚሠራው የክትትል አገልግሎትም ሰሚት ድረስ ሰው አይልክም። መርዳት ከፈለገ ያንን 4 ቴራ ዲስክ ይላክ። በስልኩ ማየቱ ምንም ችግር የለውም። ነገር ግን ኤንቪአሩን ድርጅቱ በራሱ አካውንት መዝግቦ ለእርስዎ «እንዳያጋራዎ»፤ በእርስዎ ኢሜይል ወይም ስልክ ይመዝገብ፣ ለወንድምዎ እርስዎ ያጋሩት። ዋናውን የይለፍ ቃል ገጣሚዎቹ ሲሄዱ ራስዎ ይቀይሩት። ሶፍትዌሩንም ያሳድሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሂክቪዥን የተባለው አምራች በሚሠራቸው ብዙ ካሜራዎች ላይ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ክፍተት ተገኝቶ አምራቹ ማስተካከያ አውጥቷል፣ መጋዘን የቆየ ዕቃ ግን ከአሮጌ ሶፍትዌሩ ጋር ሊመጣ ይችላል።

ክፍያውን ከፋፍለው ይዋዋሉ፦ ግማሹ ቀብድ፣ አብዛኛው ቀሪ በርክክብ ቀን፣ አንድ አሥረኛው ሥርዓቱ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ ከሠራ በኋላ። ዋስትናው ለዕቃው ስንት ወር፣ ለገጠማው ስንት ወር እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ። ርክክቡን ማታ ያድርጉት። አንድ ሰው ኮፍያ አድርጎ በግቢው በር ይግባ፣ በኋላ በኩል ይሂድ፤ ቀረጻው ላይ ፊቱን እዩት። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ብሬከር ያጥፉና ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ሳይረኑን ያስጩሁ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይነገረው። የአምስት ደቂቃ ቀረጻ ወደ ፍላሽ እንዴት እንደሚገለበጥ እርስዎ ራስዎ ሠርተው ያሳዩአቸው፤ ፖሊስ የሚጠይቅዎ ያንን ነው።

ሰዓቱንም እዚያው ያስተካክሉ። ኤንቪአሩ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓትና የፈረንጅ ቀን ነው። የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ ፕላስ 3 ይሁን፣ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሚለው ይጥፋ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ይደረግ፤ አለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሊሳሳት ይችላል። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሰማሁ» ያለ ዘበኛ ቀረጻው ላይ የሚፈለገው 02:00 ላይ ነው። ሰዓቱ ሲዞር ቀኑም ይለወጣል፦ የፈረንጁ ቀን የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ማክሰኞ ማታ ተኝተው ሌሊት ስምንት ላይ የሆነውን የረቡዕ ፋይል ውስጥ ይፈልጉት።